ሁለተኛው ልመና

መተማ ዮሐንስ ላይ «የዝንቧ ዶክተር ቤት የት ነው?» ብሎ ለጠየቀ፣ ማንኛውም ባጃጅ ነጂ ደጇ ድረስ ያደርሰዋል። ስሟን ግን ማን ያውቀዋል? የትናየት አለኸኝ ትባላለች። ከዳባት ደጋ የወረደች፣ ቀጭን፣ ሲበዛ ዓይን አፋር፣ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷን የያዘች ሴት ናት። መጀመሪያ የመጣች ሰሞን «ዶክተር መጣች» ተብሎ ሕፃን የታቀፈው፣ ጥርሱን ያመመው፣ ወገቡን የያዘው ሁሉ ደጇ ላይ ተሰለፈ። «ኧረ እኔ የሰው ሐኪም አይደለሁም፤ ያጠናሁት ስለ ዝንብ ነው» ብትል ማን ይስማት! አንዲት ባልቴትማ «ደግሞ ዝንብ ይታከም ጀመር? ወይ ስምንተኛው ሺህ!» እያሉ ተራግመው ሄዱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የዝንቧ ዶክተር ሆና ቀረች።

ዝንቧም እንዲህ እንደዋዛ የምትታይ አይደለችም። የአሸዋ ዝንብ ትባላለች፤ ከሰሊጥ ፍሬ የማትበልጥ፣ ድምፅ የሌላት፣ ካላዛር የሚባለውን ክፉ በሽታ የምታመላልስ ጉድ ናት። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከደጋው ጎንደር ሰሊጥ ሊያጭድ የሚወርደው ሠራተኛ ዋልካው ላይ፣ ከላሎ ዛፍ ሥር ተኝቶ ሲያድር ትነክሰዋለች። ሰውየው ደሞዙን ይዞ አገሩ ይገባል። ከወራት በኋላ ሆዱ ያብጣል፣ ገላው ይመነምናል፣ ዘመድ ጠበል ለጠበል ሲያዞረው ያልቃል። የትናየት ስምንት ዓመት ሙሉ ይህችን ዝንብ ስትከተል ኖረች። ወረቀት በጉሎ ዘይት እየነከረች ከዋልካው ስንጥቅ አጠገብ ትሰካለች፤ በማግስቱ ጠዋት ዘይቱ ላይ የተጣበቁትን አንድ በአንድ ለቅማ አልኮል ባለበት ብልቃጥ ትከታለች፤ ቀኑንና ቦታውን ትጽፋለች።

ረዳቷ አያ ለይኩን ናቸው። ከሃያ ዓመት በፊት ከጎጃም ለአጨዳ ወርደው በዚያው የቀሩ፣ ቆላው ያከሰላቸው፣ ጨዋታቸው የማይጠገብ ሰው ናቸው። ሞተር ብስክሌታቸው ኋላ አፈናጥጠዋት ያልረገጡት እርሻ የለም። የምርምሩ ፕሮጀክት አልቆ አበሉ ከቆመ ሦስት ዓመት ቢሆነውም እሳቸው አልቀሩም። «ቤት ብቀመጥስ ምን ልሠራ? ከሚስቴ ጋር ልጣላ?» ይላሉ።

ብልቃጦቹ ከሁለት ሺህ በላይ ደርሰው ነበር። በምትሠራበት የጤና ጽሕፈት ቤት ግቢ ጥግ ባለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ በካርቶን በካርቶን ተደርድረዋል። የእያንዳንዷ ዝንብ ሆድ ውስጥ ያለው ደም የማን እንደሆነ፣ የከብት ይሁን የውሻ ይሁን የሰው፣ ያ ከታወቀ በሽታው ከየት እንደሚነሣ ይታወቃል። ይህን የሚያነብበው መሣሪያና መሣሪያውን የሚያሠራው ገንዘብ ግን መተማ ላይ የለም። እዚህ ያለው ሙቀት ብቻ ነው። ሙቀቱ አልኮሉን ይመጠዋል። በየሳምንቱ እየዞረች ብትሞላም፣ አልኮሉም ከጎንደር የሚመጣው መንገዱ ሲከፈት ብቻ ስለሆነ፣ ብልቃጦቹ አንድ በአንድ ይደርቁባት ጀመር። የደረቀች ዝንብ ከአፈር አትለይም። ስለዚህ የትናየት አውሮፓ መሄድ ነበረባት። ለሽርሽር አይደለም፣ ለዶላርም አይደለም። ካልሄደች ስምንት ዓመቷ አፈር ይበላዋል።

መሄጃው ደግሞ ፖስትዶክ የሚሉት ነገር ነው። እናቷ እማማ ዙፋን፣ ደጋው ሰላም ሲያጣ ልጃቸው ዘንድ ወርደው የሙቀቱን ነገር በየቀኑ እያማረሩ የሚኖሩ ሴት፣ ይህን ቃል በሰሙ ጊዜ ዓይናቸውን አፈጠጡ።

«ዶክተር ነሽ አይደል እንዴ? ከዶክተር በላይ ደግሞ ምን ቀረሽ? ጳጳስ ልትሆኚ ነው?»

«አይደለም እማ። ዶክትሬቱን የጨረሰ ሰው ሁለት ሦስት ዓመት ትልቅ ላብራቶሪ ገብቶ ከፕሮፌሰር ጋር የሚመራመርበት ሥራ ነው።»

«እና አሁንም ተማሪ ነሽ?»

«ተማሪም አይደለሁ፤ አስተማሪም አይደለሁ።»

«በይ ተይኝ! ያልተዳረ እጮኛ በይው» አሉና እማማ ዙፋን ሽንኩርታቸውን መክተፍ ቀጠሉ።

እንዲህ ብለው ሲቀልዱ፣ ፍለጋው የልጃቸውን ዓይን እንዴት እንዳጠፋው አያውቁም። የትናየት ሁለት ዓመት ሙሉ ስትጽፍ ኖራለች። ዳታው ሲቋረጥ ድልድዩ አጠገብ ወርዳ ከማዶ የሚመጣውን የሱዳን ኔትወርክ ትለቅማለች፤ ማዶ ጦርነት ከገባ ወዲህ እሱም እንደ ፈለገ ይመጣል፣ እንደ ፈለገ ይሄዳል። ክፍት ቦታዎች የሚለጠፉበትን ገጽ ለመክፈት አንድ ሰዓት፣ ማመልከቻውን ለመላክ ግማሽ ቀን። ስለ አሸዋ ዝንብ አንዲት መስመር የጻፈ ፕሮፌሰር ከተገኘ አድራሻውን ፈልጋ ትጽፍለታለች። ሰባ አንድ ደብዳቤ ላከች። አብዛኞቹ ዝም አሉ። አንዱ «ገንዘብ የለንም» አለ። አንዱ «መልካም ዕድል» ብቻ አለ። አንዷ ደግሞ የሷን ሳይሆን የሌላ አመልካች ስም ጠርታ አሰናበተቻት፤ የትናየት ያን ቀን አልቻለችም፣ የብልቃጥ ካርቶን ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄኔ ነው።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ ጊዜው ነው። እሷ ልታመለክትባቸው የምትችላቸው ገንዘቦች ሁሉ አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ዶክትሬቱን ከያዘ ስምንት ዓመት ያለፈው ሰው አይገባም። እሷ የያዘችው በሐምሌ 2009 ነው። እንግዲህ አስሉት፤ የ2017 ሐምሌ ሲወጣ በሩ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ሊቅ ብትሆን የሚሰማት የለም።

አሁን ስለ ይሉኝታዋ ሳይነገር ቀሪው አይገባም። እማማ ዙፋን ያሳደጉት ልጅ ሰው ቤት ሄዶ «ብላ» ሲባል እሺ አይልም። መጀመሪያ «በልቻለሁ» ይላል። ሲለመን «ኧረ ጠግቤያለሁ» ይላል። በሦስተኛው «በሞቴ! አፈር ስሆን!» ሲባል ነው፣ የግዱን አስመስሎ እጁን የሚሰድ። በመጀመሪያው ጥሪ እሺ ያለ ልጅ ማታ ጭኑን ይቆነጠጣል፤ «ሆዳም! አሰደብከኝ!» ይባላል። ጋባዡም ይህን ስለሚያውቅ ሦስት ጊዜ ሳይለምን አይተውም። ሁለቱም ያውቁታል፤ ማንም አይራብም፤ ክብርም አይጎድልም። የትናየት ይህን ከጡት ጋር ነው የጠባችው።

ቆላው ግን አስቀድሞ አስጠንቅቋት ነበር። በመጣች ዓመት፣ በ2010 መስከረም፣ ከአያ ለይኩን ጋር አንድ የሰሊጥ እርሻ ላይ ወረቀት ሲሰኩ ውለው የሠራተኛው ምሳ ደረሰ። ፈንቴ የምትባል የካምፑ አብሳይ ትልቁን ትሪ የማሽላ እንጀራና ወይካ የሚሉትን የደረቅ ባሚያ ወጥ ሞልታ አወጣች፤ ሃያ አጫጅ ከበበው። አያ ለይኩን ሳይጠሩም ተቀመጡ። ፈንቴ ወደ የትናየት ዞራ «ነይ እንብላ» አለቻት።

«አመሰግናለሁ፤ በልቻለሁ» አለች የትናየት፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል ሳይቀምስ የዋለ ሆዷን ይዛ።

«ተማም» አለች ፈንቴ፤ በሱዳንኛው ደግ ነው ማለቷ ነው። ዞር አለች። አለቀ።

የትናየት ሁለተኛውን ጥሪ ጠበቀች። ትሪው ጎደለ። ጠበቀች። ትሪው ተጠረገ፣ ጣት ተላሰ፣ ሁሉም ማጭዱን ይዞ ተነሣ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ዓይኗ ሲቅበዘበዝ ዋለ። በመመለሻቸው ነገሩን ስትነግራቸው አያ ለይኩን ከሳቃቸው የተነሣ ሞተሩን አቆሙ።

«በሉ ይህን አይርሱ፣ ዶክተር። ቆላ ላይ ሁለተኛ ጥሪ የለም። አልበላም ካሉ የአንቱን ድርሻ አጠገብዎ ያለው ይጎርሰዋል። ፈንቴ ክፉ ሆና እንዳይመስልዎ፤ አመነችዎ እንጂ።»

የትናየትም ሳቀች። ማታ ለእናቷ ደውላ ስትነግር ግን እማማ ዙፋን አልሳቁም። «ምን ያለች አረመኔ ናት! እንግዳ ሳይለመን ይበላል?» ብለው ፈንቴን ሲረግሟት አመሹ። አንዲት ቃል ለልጃቸው አላሉም። እንዲያውም በልጃቸው ኮሩ።

በ2017 የካቲት ወር ሰባ ሁለተኛው ደብዳቤ ተላከ። በሦስተኛው ቀን መልስ መጣ። ሊንደማን የሚባል፣ ጀርመን አገር ያለ ፕሮፌሰር ነው። ከአራት ዓመት በፊት ያሳተመቻትን ትንሽ ጽሑፍ አንብቧት ኖሯል። ስለ ብልቃጦቹ ጠየቀ፤ ስንት እንደሆኑ፣ ከየትኛው ዓመት ጀምሮ እንደሆኑ። ከዚያ ሌላ ደብዳቤ፤ ከዚያ ሌላ። በመጨረሻም «አንድ የፖስትዶክ ቦታ አለን፤ በኢንተርኔት ፊት ለፊት እናነጋግርዎ» አላት። የትናየት ያን ደብዳቤ ቆማ አነበበችው፣ ተቀምጣ አነበበችው፣ ስልኳን ደረቷ ላይ አድርጋ ደግማ አነበበችው።

እንግዲህ እዚህ ላይ የሚጠረጥር ሰው አይጠፋም፤ ሰዓቱን ተሳሳተች፣ በኛ አቆጣጠር ሄደች ይል ይሆናል። አልተሳሳተችም! ግድግዳዋ ላይ የጀርመንን ሰዓትና የኛን ሰዓት ጎን ለጎን ጽፋ ሳምንት ሙሉ ስታየው ነው የከረመችው። ሚያዝያ ሁለት ቀን፣ ምስጋና የምትባል የአንድ ርዳታ ድርጅት ጸሐፊ ጓደኛዋ ቢሮዋን ለቀቀችላት። በዚያ ቢሮ ኔትወርኩ የራሱ ነው፤ አይቋረጥም። ፕሮፌሰሩና ሁለት ባልደረቦቹ አርባ ደቂቃ አናገሯት። መጀመሪያ አጭር አጭሩን ብቻ ትመልስ ነበር። ስለ ጉሎ ዘይቱ ወረቀት ሲጠይቋት ግን ሌላ ሰው ሆነች፤ የዋልካውን ስንጥቅ በእጇ እያሳየች፣ አያ ለይኩንን እየጠቀሰች አወራች። ፕሮፌሰሩ ሳቀ። «በስምንት ዓመት፣ በሁለት ሰው?» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ስትወጣ ምስጋና በር ላይ ቆማ እልል አለች።

ከአምስት ቀን በኋላ፣ ማክሰኞ፣ ይህ ደብዳቤ መጣ።

«ውድ ዶክተር የትናየት፣ ለቦታው ሁለት ሰው ቀርቶናል፤ እርስዎና አንዲት የብራዚል ተመራማሪ። ሁለታችሁንም እኩል ወደናችኋል። ሥራው በሰኔ መጨረሻ መጀመር አለበት። ካሉበት ቦታ ተነሥቶ ቪዛ ማግኘትና መጓዝ ከባድ እንደሚሆን ይገባኛል፤ ላስጨንቅዎ አልፈልግም። ምን ያስባሉ? በግልጽ ይንገሩኝ።»

የትናየት ወዲያውኑ መልስ መጻፍ ጀመረች። መጀመሪያ የጻፈችው ምን ነበር መሰላችሁ? «እፈልጋለሁ፤ በእግሬም ቢሆን እመጣለሁ» የሚል ነበር። ቀና ብላ ደግማ አየችው። አፈረች። ትልቅ ሰው «እንዳላስጨንቅሽ» ሲላት፣ ሌላዋ ሴት አጠገቧ ቁጭ ብላ እያለች፣ እሷው እጇን ዘርግታ ትሪውን ወደ ራሷ የጎተተች መሰላት። ጭኗን የቆነጠጧት ያህል ተሰማት። ሰረዘችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ቃል እየመረጠች፣ እንዲህ ብላ ጻፈች።

«ክቡር ፕሮፌሰር፣ ስላሰቡልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በእኔ ምክንያት ሥራዎ እንዲስተጓጎል አልሻም። ሌላዋ እኅት ቀድማ መምጣት የምትችል ከሆነች ለእርሷ ይስጡት፤ እኔ በፍጹም ቅር አይለኝም። እናንተን ማወቄ ብቻ ይበቃኛል።»

ከዳባት እስከ ደብረ ታቦር ይህን ደብዳቤ የሚያነብ ማንኛውም ሰው ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። ልሞትልህ ነው፣ አንዴ ለምነኝ ማለት ነው። ማታ ለእናቷ እየተረጎመች ስታነብላቸው እማማ ዙፋን እንባቸው መጣ።

«አበጀሽ! የጨዋ ልጅ! አሁን ሰውየው ማን እንደሆንሽ ያውቃል። እንዲህ ያለች ሰው ከወዴት ትገኛለች ብሎ ይንሰፈሰፍልሻል፤ ታያለሽ።»

የትናየትም አመነች። ደብዳቤውን ስትልክ፣ የፕሮፌሰሩ መልስ ጆሮዋ ላይ ይሰማት ነበር፤ «ኧረ ምን ነካዎት! እርስዎን ትተን የት እንሄዳለን?» የሚል። ለዚያ መልስ የምትሰጠውን መልስ ሳይቀር አሰናድታለች። ያን ሌሊት ከስንት ወር በኋላ ደኅና እንቅልፍ ተኛች።

ሐሙስ ጠዋት ከአያ ለይኩን ጋር ወረቀት ሊለቅሙ ወጡ። ደስታዋ አላስቀምጥ ብሏት ሁሉንም ነገረቻቸው፤ የፕሮፌሰሩን ደብዳቤ፣ የብራዚሏን ሴት፣ የራሷን መልስ። አያ ለይኩን መጀመሪያ ላይ «እሰይ! እሰይ!» ሲሉ ቆዩ። መልሷን ሲሰሙ ግን ሞተሩን ቀስ አድርገው አቆሙት። ወርደው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እንዴት አሉት? እስቲ ይድገሙልኝ።»

ደገመችላቸው።

«ዶክተር» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ፈንቴን ረሷት?»

የሚያዝያ የመተማ ፀሐይ ድንጋይ ያቀልጣል ይባላል። የትናየት በዚያ ፀሐይ ላይ ቆማ በረዳት። ዋልካው ላይ ቁጭ አለች።

«አይ፣ እነሱ የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ ይገባቸዋል…» አለች።

«ፈረንጅ ነው፣ ከዋጃ፤ ምኑ ይገባዋል፣ ልጄ? ለምን ይጠርጥርሽ? በግልጽ ንገሪኝ አለሽ፤ ነገርሽው። ያምንሻል። ተነሽ! ተነሽ እንጂ! ቶሎ እፈልጋለሁ ብለሽ ላኪለት!» አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱታውን ረሱት።

ዳታ የለም። ድልድዩ ድረስ በረሩ። የሱዳኑም ኔትወርክ የለም። ስልኳን ወደ ሰማይ አንሥታ ከወዲያ ወዲህ ስትሮጥ ጀለቢያ የለበሱ ነጋዴዎች ቆመው አዩዋት፤ አንዱማ ሰው የሞተባት መስሎት «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አላት። ምስጋና ቢሮ ሲደርሱ ተዘግቷል። ማግስቱ ስቅለት ነው፤ ሠራተኛው ሁሉ ለፋሲካ ጎንደር ወጥቷል፤ እስከ ማክሰኞ የሚመለስ የለም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ የጥበቃውን ሰውዬ በር ሰብረህ አስገባኝ ብላ ለመነችው። ሰውየው አዘነላት እንጂ አልከፈተላትም። ፋሲካን የትናየት እንዴት እንዳሳለፈችው አይነገርም። እናቷ ዶሮውን ሲያቀርቡላት ጎርሳ ጎርሳ ጓሮ ሄዳ ታስመልሰው ነበር። «ጾም ከርመሽ ቅባቱ ጎድቶሽ ነው» አሉ እማማ ዙፋን።

ማክሰኞ ቢሮው ሲከፈት ከሠራተኛው ቀድማ በር ላይ ቆማ ነበር። ኮምፒውተሩ ተከፈተ። የፕሮፌሰሩ መልስ ቁጭ ብሏል። የተላከው የእሷ በደረሰው በማግስቱ፣ ረቡዕ ነው። ይህ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ገባት፤ ሐሙስ ከአያ ለይኩን ጋር ስትሮጥ፣ ድልድዩ ላይ ሰማይ ስትለምን፣ ጥበቃውን ስትማጠን፣ ነገሩ ሁሉ አልቆ ነበር። መሮጧ ለከንቱ ነው።

«ውድ ዶክተር የትናየት፣ ለግልጽነትዎና ለደግነትዎ ከልብ አመሰግናለሁ። እንዲህ የሚጽፍ ሰው ብዙ አይገጥመኝም። ውሳኔያችንን አቀለሉልን። እርስዎን በጥበቃ እንዳላንገላታ ብዬ ዛሬውኑ ለባልደረባችን አሳውቄያለሁ፤ ፈርማለች። በሥራዎ ሁሉ መልካሙን እመኛለሁ።»

የትናየት ወዲያው ጻፈች፤ «ይቅርታ ያድርጉልኝ። እፈልገው ነበር። በጣም እፈልገው ነበር። አሁንም እፈልገዋለሁ።» አንድ ሰዓት ሳይሞላ መልሱ መጣ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ግራ ገብቶታል።

«በጣም አዝናለሁ። ግን አልገባኝም። ለእርሷ ስጡት ያሉኝ እርስዎ ራስዎ አይደሉም?»

ምን ብላ ትመልስለት? «በአገራችን…» ብላ ጀመረችና አቆመች። በአገራችን ሰው የፈለገውን ነገር አልፈልግም ይላል ልትለው ነው? ስለ ትሪው፣ ስለ ጭን ቁንጥጫው፣ ስለ «በሞቴ» ልትጽፍለት ነው? የጀመረችውን አጠፋች፤ «እውነትዎን ነው» ብላ ላከችና ኮምፒውተሩን ዘጋች። ምስጋና ስታባብላት አንድም አልሰማችም። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ እሷ ግን የተሾመችው ለአንድ ማክሰኞ ብቻ ነበር።

አያ ለይኩን ደጅ ላይ ሞተራቸውን ተደግፈው ይጠብቁ ነበር። ፊቷን አዩ።

«ኻላስ?» አሉ ብቻ፤ አለቀ ወይ ማለታቸው ነው።

«ኻላስ» አለች። ሞተሩን አስነሥተው ቤቷ አደረሷት።

ከዚያ ግንቦት ሄደ፣ ሰኔ ሄደ፣ ሐምሌ መጣ። ሌላ ቦታ አልፈለገችም ማለት አይደለም፤ አሥራ አራት ደብዳቤ ጻፈች፤ ግን እጇ ይጻፍ እንጂ ልቧ አልነበረበትም። ዝናቡ መንገዱን ሲቆርጠው አልኮሉ አለቀ። በየካርቶኑ ብልቃጦቹ ደረቁ፤ በ2010 የተለቀሙት፣ በ2011 የተለቀሙት፣ ሁሉም። ሐምሌ ሠላሳ ቀን ጠዋት ካርቶኖቹን ከፍታ እያየች ተቀመጠች፤ ማታ ዘጋቻቸው። በነሐሴ የቆርቆሮ ክፍሏ ለአጎበር ማስቀመጫ ተፈለገች። አለቃዋ መልካም ሰው ናቸው፤ «ካርቶኖቹን ጥግ ላይ እናቆያቸዋለን፤ አንቺም ቢሮ ገብተሽ ወርኃዊ ሪፖርት ብታዘጋጂልን» አሏት። «እሺ» አለች። በመጀመሪያው ጥሪ ነው እሺ ያለችው። አለቃዋ ትንሽ ገረማቸው።

በመስከረም አጫጆቹ እንደገና ወረዱ። የጭነት መኪናው ላይ ታጭቀው፣ ብርድ ልብሳቸውን ጠቅልለው፣ የጎጃሙ በጎጃምኛ የወሎው በወሎኛ እየተጨዋወተ፣ የላሎ ዛፎቹ ሥር አደሩ። የትናየት በቢሮዋ መስኮት ሲያልፉ ታያቸዋለች። አያ ለይኩን ከልማድ የተነሣ ጉሎ ዘይት ገዝተው መጥተው ነበር። በሩ ላይ ቆመው ጠበቁ። ከጠረጴዛዋ ሳትነሣ ራሷን ነቀነቀችላቸው፤ ዘይቱን ይዘው ተመለሱ።

ይህን ሁሉ እማማ ዙፋን አያውቁም። የትናየት የፕሮፌሰሩን መልስ አልነገረቻቸውም። እንዴት ትንገራቸው? ጨዋነት ብለው በቁንጥጫ ያሳደጉት ነገር ልጃቸውን እንዳስራባት ብትነግራቸው እሳቸውስ ምን ይበጃቸዋል? በዚህ ዕድሜያቸው ምን ያድርጉበት? ስለዚህ ሰውየው ገና አልመለሰም አለቻቸው። እሳቸውም ለጎረቤት ሁሉ «ልጄን ጀርመን አገር እየለመኗት ነው፤ እሷ ናት እንቢ ያለች» እያሉ ያወራሉ። ጎረቤትም «እንዴት ያለች ኩሩ ናት» ይላል።

አንድ ማታ፣ መስከረም ሲያልቅ፣ ራት ቀርቦ የትናየት ሳትቆርስ ትሪውን ታያለች።

«ብዪ እንጂ» አሉ እናቷ።

«በልቻለሁ እማ።»

«ኧረ ብዪ።»

«ጠግቤያለሁ።»

«በሞቴ! እኔ አፈር ስሆን!»

የትናየት ጎረሰች። እንባዋ ከጉርሻው ጋር ወረደ፤ በርበሬው ነው አለች። እማማ ዙፋን ውሃ ቀዱላትና ጠጋ ብለው፣ ጉልበቷን መታ መታ አደረጉ።

«ስለዚያ ሰውዬ አትጨነቂ፣ ልጄ። ጨዋ ከሆነ ሳይመለስ አይቀርም፤ ሰው አንዴ እንቢ ቢሉት ይተዋል እንዴ? ብቻ አደራሽን፣ ሁለተኛ ሲለምንሽ ቶሎ እሺ እንዳትይ። ሦስተኛውን ጠብቂ።»

«እሺ እማ» አለች የትናየት።